በቀይ ሻንጣ የያዝኩት ንብ

አዎ፣ በሻንጣ ነው የያዝኩት። ምን ይጠበስ?

ጎረቤላ መናኸሪያ ጥግ ቆማችሁ "ንብ ሻንጣ ውስጥ አይገባም" እያላችሁ የምታወሩትን ሰምቻለሁ። አትፍሩ፣ ስም አልጠራም። አንዱ "ሻንጣ አይደለም፣ የሳሙና ካርቶን ነው" ይላል። የሳሙናው ካርቶን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እንደርስበታለን። ሌላው "ሰርቆ ነው" ይላል። እሱም ጋ እንደርሳለን፣ የምደብቀው የለኝም። "ፊቱን አርባ ቦታ ነድፎታል" የሚልም አለ። ማን ቆጠረ? እኔ ራሴ መስታወት ፊት ቆሜ ቆጥሬ አስራ ሰባት ላይ ነው ያቆምኩት። ያቆምኩትም አልቆ ሳይሆን ዓይኔ ተደፍኖ ነው።

የሆነውን ከራሴ አፍ ስሙት። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ስድስተኛን ሁለቴ ስለተማርኩ ግን ሰባተኛ ብላችሁ ብትይዙልኝ ቅር አይለኝም። በእጅ ሥራ ከኔ የሚበልጥ ግን በአንኮበር ወረዳ የለም። ይሄን የምለው እኔ ብቻ ነኝ፤ ቢሆንም እውነት ነው።

ነገሩ የመጣው በእመቤት ነው። እመቤት የጋሽ መኩሪያ ልጅ ናት። ጋሽ መኩሪያ ደግሞ ዘጠኝ ቀፎ ንብ ያላቸው፣ ከሰው ይልቅ ከንብ ጋር ማውራት የሚቀናቸው ሰውዬ ናቸው። በነሐሴ ሽማግሌ ላክሁባቸው። የሽማግሌዎቹ አለቃ መሪጌታ ጥበቡ ነበሩ፤ ደብሩን ሲያገለግሉ የኖሩ፣ ለጧፍ ሰም ሲሉ ንብም የሚያረቡ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሽማግሌ ይዤ እንዴት እንቢ እባላለሁ ብዬ ኮቴን አስተኩሼ ቤት ቁጭ አልኩ።

መሪጌታ ሲመለሱ ፊታቸው ጥሩ አልነበረም።

"ምን አሉ?" አልኳቸው።

"'ልጁ አፍ አለው፤ ሌላስ ምን አለው?' አሉ።"

"እርስዎስ ምን አሉ?"

"እኔ ምን እላለሁ፣ ልጄ። ከቅዳሴ መመለሴ ነበር፣ መዋሸት አልቻልኩም። ዝም አልኩ።"

የጋሽ መኩሪያ ቃል እንዲህ ነበር፦ እስከ መስቀል ንብ የገባበት አንድ ቀፎ ካሳየኋቸው ሽማግሌዎቹ ይመለሱ። ካላሳየሁ ደግሞ ከጫጫ ሌላ ሽማግሌ መጥቷል፤ ልጁ የራሱ ሚኒባስ ያለው ነው፤ መልሱ ለጫጫዎቹ ይሆናል። ጋሽ መኩሪያ ንብ ያልተቀመጠበት ሰው ሚስትም አትቀመጥበትም ብለው ያምናሉ። እመቤትስ? እመቤት ምን እንደምታስብ የጠየቀ የለም፤ እኔም ራሴ ፈርቼ አልጠየቅኩም።

ንብ ያለበትን ቀፎ ገዝቼ እንዳላሳይ ኪሴን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ከጫካ የሚመጣውን ንብ በራሴ ወጥመድ ልይዘው ወሰንኩ። ከስልኬ ላይ አንድ ፈረንጅ አገኘሁ። ባዶ ሳጥን ይሠራል፣ ዛፍ ላይ ይሰቅላል፣ ንቡ ሰተት ብሎ ይገባለታል። የሚለው ነገር አንድም አልገባኝም፤ እጁን ነው የተከተልኩት። ሳጥኑን ሠራ፣ ቀዳዳውን ቀደደ፣ ከዚያ ከኪሱ ትንሽ ብልቃጥ አውጥቶ ሳጥኑ ውስጥ ጠብ ሲያደርግ ዳታዬ አለቀ። በብልቃጡ ውስጥ ምን እንደነበረ ፈጣሪና ፈረንጁ ያውቃሉ። እኔ ሽቶ ነው ብዬ ደመደምኩ። በብልቃጥ ሌላ ምን ይያዛል?

የመጀመሪያው ቀፎዬ ያ የሳሙና ካርቶን ነው። ከሱቅ ለምኜ አመጣሁት፣ የእህቴን ሽቶ ግማሹን ደፋሁበት፣ ወደ ቤተክርስቲያን የሚወስደው መንገድ ላይ ካለ ዛፍ አንጠለጠልኩት። አምስት ቀን ጠበቅኩ። ዝንብ እንኳ ዝር አላለም። በስድስተኛው ቀን ያ የአንኮበር ዝናብ ወረደ፣ ከኋላው ጉም መጣ፣ ካርቶኑ ራሰ፣ ለዘበ፣ ሆዱ ተንዘረጠጠ፣ በመጨረሻ ከገመዱ ተላቆ ወደቀ። የወደቀው መሪጌታ ጥበቡ ላይ ነው። ጥምጥማቸው ላይ ልክ እንደ ቆብ ተጠለቀ።

መሪጌታ አልተቆጡም። ቀስ ብለው አወለቁና አሸተቱት።

"ይሄ ምንድነው ልጄ?"

"ቀፎ ነው መሪጌታ።"

"ምን ምን ይሸታል?"

"ሽቶ ነው። ለንቡ ብዬ።"

"ንቡ ሊሞሸር ነው?"

ከዚያ እዚያው መንገድ ላይ አቁመው አስተማሩኝ። ንብ ሽቶና ሳሙና ጠላቷ ነው። ንብ የምትገባው ንብ የኖረበት ቤት ወደሚሸት ቤት ነው። ቀፎው በእበት ይመረጋል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል፣ ጠጅ ሳር ይታሸበታል፣ አሮጌ ሰም ይቀመጥበታል፣ ከሰው መንገድ ራቅ ብሎ ጫካው ዳር ይሰቀላል። ንቡ ከገባ በኋላም አይነካም፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሁሉም ሲሰበሰብ፣ ቀስ ተብሎ፣ በትከሻ ነው የሚወሰደው። እኔ ደግሞ ሰው ሲያስተምረኝ መጀመሪያውን ሰምቼ ሌላውን በራሴ መሙላት ልማዴ ነው። ስድስተኛን ሁለቴ የተማርኩትም ለዚያው ነው። ከዚያ ሁሉ ትምህርት ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው "ንብ ደስ የሚላት ሽታ" የሚለው ብቻ ነበር።

ስለዚህ ሁለተኛው ቀፎዬ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ሆነ። ሆዱን ቀድጄ ስኳር በጥብጬ አፈሰስኩበት፣ ጣፋጭ ነገር የሚጠላ ማን አለ ብዬ። ጠዋት ስሄድ ከዛፉ ሥር እስከ ጀሪካኑ ድረስ ጉንዳን ተሰልፏል። ጉንዳኑን ላራግፍ ቅጠል ቆርጬ ስመለስ ደግሞ ጦጣዋ ቀድማኝ፣ ጀሪካኑን እንደ ልጅ አቅፋ ገደሉን እየወረደች ነበር። ተከተልኳት። ዞር ብላ አየችኝና ቆም አለች፤ አንተም ትፈልጋለህ እንዴ የምትል ነው የመሰለችኝ። ከዚያ ወረደች። ከገደሉ ሥር ቢጫ ነገር ያያችሁ ሰዎች፣ የኔ ነው፤ አልፈልገውም።

መስቀል ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ቤት ውስጥ የቀረ ባዶ ዕቃ አንድ ብቻ ነበር፤ ባዶም አልነበረም፣ እኔ ነኝ ያራገፍኩት። እህቴ ከቤሩት ስትመጣ የያዘችው ቀይ ሻንጣ ነው። አንድ ጎማው ወልቋል፣ ሦስቱ አሉ። ዚፑ ሲፈልግ ይዘጋል፣ ሳይፈልግ እጅ ይይዛል። እናቴ ጋቢ ታስቀምጥበት ነበር። ጋቢውን አልጋው ላይ ከመርኩና ሻንጣውን ወሰድኩት። ጎኑን በጣት ልክ በሳሁት፣ ውስጡን በእበት መረግኩት፣ በወይራ ጭስ አጠንኩት። ይሄን ጊዜ ተምሬአለሁ፤ መሪጌታ ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ አደረግኩ። የቀረኝ አሮጌ ሰም ነው።

አሮጌ ሰም ያለው ማን ቤት ነው? ምንጩ ዳር እመቤትን ጠበቅኳት።

"ሰም ፈልጌ ነበር" አልኳት።

"ለምን?"

"ለቀፎ።"

"ለየትኛው? መሪጌታን ላለበስካቸው?"

"ያ አለፈ። ይሄኛው ሌላ ነው።"

"ከምን ሠራኸው?"

"ስታይው ታውቂዋለሽ" አልኩ፤ ሻንጣ ነው ማለት አሳፈረኝ።

ውሃዋን ቀድታ ሄደች። በማግስቱ ግን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ጥቁር የሰም ቁራጭ አመጣችልኝ። "አባዬ እንዳይሰማ" ብላ ሰጥታኝ ሄደች። ከየትኛው ቀፎ እንደሆነ አልጠየቅኩም። መጠየቅ ነበረብኝ።

አሁን የት ልስቀለው? መሪጌታ ጫካው ዳር ብለዋል። እኔ የሰቀልኩት ከጋሽ መኩሪያ አጥር ማዶ፣ ከበራቸው መቶ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ያለው ጥድ ላይ ነው። ለጠየቀኝ ሁሉ "ፀሐይ ስለሚያገኝ ነው" እል ነበር። ጥዱን ተደግፎ የቆመ ሰው የጋሽ መኩሪያን በርና ከበሩ የሚወጣውን የሚገባውን ያያል። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናንተም አሁን ነው የነገርኳችሁ።

መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየኝ ጀመር።

"አንተ፣ የት ልትሄድ ነው?"

"የትም።"

"ታዲያ ዛፉ ነው የሚሄደው?"

ሌላው ደግሞ "ንቡ ሲመጣ ፓስፖርት ትጠይቀዋለህ?" ይላል። ሳቁ አልኩ። ትልቅ ነገር ሲሠራ ሰው መጀመሪያ ይስቃል። እኔ ላይ መጨረሻም ላይ ስቀዋል፣ እሱ ሌላ ነገር ነው።

መስቀል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ረፋዱ ላይ፣ ጥዱን ተደግፌ የጋሽ መኩሪያን በር ስጠብቅ ከአናቴ በላይ እንደ ወፍጮ የሚጮህ ነገር ሰማሁ። ቀና ስል ሰማዩ በንብ ጠቁሯል። ዞረ፣ ዞረ፣ ወረደና በዚያች በጣት ልክ ቀዳዳ፣ ጤፍ ወደ ማዳበሪያ ከረጢት እንደሚፈስ ሆኖ፣ ወደ ሻንጣዬ ፈሰሰ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ መወሰድ እንዳለበት አልረሳሁም። እያንዳንዱን ቃል አስታውሳለሁ። ግን እስኪመሽ ማን ይጠብቃል? ቀኑ ገበያ ነው፣ የሳቀው ሁሉ ገበያ ውስጥ ነው። ቀዳዳውን በካልሲዬ ወተፍኩት፤ ንቡ ያን ጊዜ ይመስለኛል የተቀየመኝ። ቤት ሄጄ የተተኮሰውን ኮቴን ለብሼ መጣሁ፣ ሻንጣውን በገመድ አወረድኩት። የጋሽ መኩሪያ በር እዚያው ፊቴ ነው። መቶ እርምጃ። እኔ ግን ዞሬ በገበያው በኩል፣ በኮብልስቶኑ ላይ፣ ሻንጣውን በሦስት ጎማው እየጎተትኩ ሄድኩ።

ያየ ሁሉ ይመስክር ብዬ ነው። መስክሯል።

ኮብልስቶኑ ላይ ሻንጣው ይንገጫገጫል፣ ውስጡ ደግሞ ዳገት እንደያዘ አይሱዙ ያጓራል። ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት ሴትዮ ኮቴን አየች፣ ሻንጣውን አየች፣ የምሄድበትን አቅጣጫ አየች።

"እንዴ፣ ጥሎሽ ነው" አለች።

እዚህ አገር ሙሽራው ለሙሽሪት ልብሱን፣ ነጠላውን፣ ወርቁን በሻንጣ ይዞ ይሄዳል፤ ሻንጣውም በዘመዶቿ ፊት ተከፍቶ አንድ በአንድ ይታያል። ኮት የለበሰ ጎረምሳ ቀይ ሻንጣ እየጎተተ ወደ እመቤት ቤት ሲሄድ ሌላ ምን ይባላል? የመጀመሪያው እልልታ ተሰማ። ያኔ ቆሜ "ንብ ነው" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ዕድሜዬን እልል ተብሎልኝ አያውቅም። እንዲያውም በአንገቴ እጅ ነሣሁ።

ከዚያ ሴቶቹ ተከተሉኝ። ሽንኩርቷን ጥላ የመጣች አለች፤ ገብሷን ለጎረቤት አደራ ብላ የመጣች አለች። እያጨበጨቡ፣ እየዘፈኑ። ንቡ ጭብጨባ ሲሰማ ጩኸቱን ጨመረ፤ እነሱም ጨመሩ።

"ቀለበቱስ?" አለችኝ አንዷ ጎኔ ገብታ።

"ውስጥ ነው" አልኩ። በቃ፣ ያን ጊዜ ማቆም ከአቅሜ በላይ ሆኖ ነበር።

በሩ ላይ የጠበቁን እትዬ በላይነሽ ናቸው፤ የጋሽ መኩሪያ ታላቅ እህት። ሲቆሙ በሩን ይሞሉታል፣ ሲናገሩ ግቢውን።

"ጋሽ መኩሪያ አሉ?" አልኩ።

"የሉም። ትልቁ ቀፎ ንቡ ወጥቶበት ሲሮጥ ነው ያረፈደው።"

ንብ ወጥቶባቸው? አሳዘኑኝ። እሳቸው ወጣባቸው፣ እኔ ገባልኝ፤ የቀን ነገር ነው ብዬ አሰብኩ። እዚያ ሁሉ ሰው መሃል ሁለቱን ነገር ያላገናኘሁ እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው።

"ጥሎሽ ሽማግሌ ሳይመለስ ነው እንዴ የሚመጣው?" አሉ እትዬ በላይነሽ።

"ጥሎሽ አይደለም፣ እትዬ።"

"ታዲያ ምንድነው?"

"ጋሽ መኩሪያ ሲመጡ ያዩታል።"

"እኔ ሳላይ? ልጅቷን ያሳደግኳት እኔ ነኝ።" ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሻንጣው ላይ ደገኑ። "ምንድነው የሚያጉረመርመው?"

"ሬዲዮ ነው" አልኩ። ለምን እንዳልኩ አትጠይቁኝ።

"ሬዲዮም አምጥቷል" ብለው ለሕዝቡ አስታወቁ። እልልታው ቀለጠ። እሳቸውም ዚፑን ያዙ። እኔ ወደዚህ ሳብኩ፣ እሳቸው ወደዚያ ሳቡ፤ በጉልበት በለጡኝ። ዚፑ እስከ ግማሽ ተከፈተ፣ የኮቴን እጅጌ ነከሰ፣ እዚያው ቆመ።

ንቡ ወጣ።

ጎረቤላ እንዲያ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም። ነጠላው በአንድ ወገን፣ ጫማው በሌላ ወገን። እትዬ በላይነሽ አንዱን ዓይናቸውን ይዘው ቤት ገብተው በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት። እልልታ ሰምተው የመጡት መሪጌታ ከአጥሩ ወዲያ ጥላቸውን ዘርግተው ቆሙ። በግቢው ውስጥ የቀረሁ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። አሁን "ሁሉ ሲሸሽ እሱ አልሸሸም" እየተባለ የሚወራው ይሄ ነው። አልሸሸሁም። እጅጌዬ ዚፑ ውስጥ ነበር፤ ስሮጥ ሻንጣው፣ ሻንጣው ሲከተለኝ ንቡ።

"አትወራጭ" አሉ መሪጌታ ከአጥሩ ኋላ።

"እሺ።"

"እስትንፋስህን ያዝ።"

"እስከ መቼ?"

መሪጌታ ጥላቸውን ዝቅ አድርገው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ንግሥቲቱ ከሻንጣው ሳትወጣ ስለቀረች ንቡ ጉዳዩን ሲጨርስ ቀስ በቀስ ተመልሶ ገባ። ልክ ያን ጊዜ ጋሽ መኩሪያ በበሩ ገቡ። ፀጉራቸው አፈር፣ ቅንድባቸው አፈር፣ ባርኔጣቸው ውስጥ አፈር። ንብ ሲወጣ ባለቤቱ እንዲያርፍለት አፈር እየበተነ ከሥር ከሥሩ ይሮጣል፤ እንዲያ የተከተለው ንብ የትም ይረፍ የት የሱ ነው። ጋሽ መኩሪያ ከቀፎው ሥር ጀምረው ተከትለውት ከጥዱ በላይ ቦይ ውስጥ ወድቀው ነው የጠፋቸው። እስከ ወንዙ ወርደው ፈልገው መመለሳቸው ነው።

ሻንጣውን አዩት። ሰሙት።

"ንቤ" አሉ።

"የኔ ነው፣ ጋሼ" አልኩ፤ ከንፈሬ ዳቦ አክሏል። "ከጫካ ነው የመጣው።"

መሪጌታ ሁለት ጎረቤት ጠርተው ድንጋይ ላይ አስቀመጡ። "ይሄ በዱቄት ይታወቃል" አሉ። እመቤት በጣሳ የገብስ ዱቄት አመጣች። መሪጌታ ከሻንጣው አፍ ጥቂት ንብ ዝቀው ዱቄቱ ውስጥ አገላበጡና ግቢው ዳር ወስደው ለቀቁት። ከወዴት እንደወጣች የማትረሳ ንብ ወደ ድሮ ቤቷ ትመለሳለች። ከጫካ ከሆነች ወደ ጫካ። ሁላችንም በዘጠኙ ቀፎ ፊት ተደርድረን ጠበቅን። እኔ ዓይኔን በጣቴ ከፍቼ።

አንዲት ነጭ ንብ መጣች። ትልቁ ቀፎ ላይ አረፈች። ሁለተኛ መጣች። ከዚያ ልክ ለበዓል ነጭ ለብሶ ወደ ደብር እንደሚሄድ ሰው እየተከታተሉ ገቡ።

"ተፈረደ" አሉ መሪጌታ፣ ወደኔ ሳያዩ።

ጋሽ መኩሪያ ዞሩብኝ። "በራሴ ንብ ነው ልጄን የምትጠይቀኝ?"

"ራሱ ነው የገባው፣ ጋሼ።"

"ደህና ቀፎ ትቶ የሴት ሻንጣ ውስጥ?" አሉ። "እሺ፣ ሰው ሁሉ ሲሸሽ አንተ ለምን ቆምክ?"

ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ምን የመሰለ ውሸት አዘጋጅቼ ነበር መሰላችሁ፦ ንግሥቲቱ እንዳትጠፋ ብዬ፣ ለንቡ አስቤ፣ ነፍሴን ሰጥቼ። ልምል እጄን ወደ ላይ አነሳሁ። ሻንጣውም አብሮ ተነሳ።

ጋሽ መኩሪያ እጅጌዬን አዩ፣ ዚፑን አዩ። ቢላቸውን አውጥተው እጅጌውን ቆረጡልኝ። "ሻንጣው ይቅር፣ ልጁን ሸኙት" አሉ። "ለጫጫዎቹ መልስ እልካለሁ።"

ቀልድ ፈለግኩ፣ የለም። እኔ የማወራው ሳጣ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ተራመድኩ።

"አባዬ፣ ሰሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ" አለች እመቤት። ጣሳውን እንደያዘች ነበር።

"የምን ሰም?"

"ከትልቁ ቀፎ ነው። ንቡ የገባው የቤቱ ሽታ ሸቶት ነው።"

"ለምን ሰጠሽው?"

እመቤት ከእጇ ላይ ዱቄቱን ታራግፍ ጀመር፣ ምንም የቀረ ዱቄት ሳይኖር። በኛ አገር አንዲት ልጅ በአባቷና በሽማግሌ ፊት ከዚህ የበለጠ አትናገርም። ጋሽ መኩሪያም ገባቸው፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው አፈሩን ያራግፉ ገቡ።

ያን ጊዜ የቤቱ መቀርቀሪያ ተከፈተና እትዬ በላይነሽ ወጡ፤ አንዱ ዓይናቸው ተደፍኖ፣ ቅቤ ተቀብቶ።

"መኩሪያ፣ የምን የጫጫ መልስ ነው የምትለው? ሻንጣው መጥቷል፣ እልል ተብሏል፣ እኔ በዘመድ ፊት ከፍቼዋለሁ። ተከፍቶ የታየ ጥሎሽ የሚመለሰው የት አገር ነው?"

"ኧረ ጥሎሽ አይደለም፣ የገዛ ንቤ ነው።"

"ይሄን ዓይኔ ከመጥፋቱ በፊት ነበር የምትነግረኝ።"

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከአጥሩ ወዲያ ለተሰበሰበው ሰው "ሻንጣው ሲከፈት ያየ አለ?" አሉ። ያየ ብቻ ነው ወይ፤ ሁሉም የተነደፈበትን እያሳየ ቀረበ። "እንግዲህ ሥርዓቱ አይመለስም ነው የሚለው" አሉ መሪጌታ።

ጋሽ መኩሪያ ልጃቸውን አዩ፣ የእህታቸውን ዓይን አዩ፣ ረጅም ጊዜ ሻንጣውን አዩ። ለልጃቸው ጥሎሽ የገዛ ንባቸውን ሊቀበሉ ነው። ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

"ከመስቀል በኋላ እሑድ ሽማግሌዎቹ ይምጡ" አሉ። "እሱን ግን ፊቱ ሳይመለስ እንዳታመጡት። የማላውቀውን ሰው አልድርም።"

ይኸው ነው። አሁንም "ንብ ሻንጣ ውስጥ አይገባም" የሚል ካለ መንገዱ ክፍት ነው፤ ጎረቤላ ይውረድና የጋሽ መኩሪያን ግቢ ይጠይቅ። ዘጠኙን ቀፎ አልፎ አሥረኛውን ይይ፤ ቀይ ነው፣ ጎማ አለው። መሪጌታን ይጠይቅ፣ እሳቸው አይዋሹም፤ በዚህ ጉዳይ ብዙ ተጎድቼበታለሁ። ሽንኩርት ሻጯን ይጠይቅ፤ ከመጀመሪያውም ንብ እንደሆነ አውቄ ነበር ትለዋለች። እትዬ በላይነሽን ይጠይቅ፣ በሚያዩበት ዓይናቸው በኩል ቆሞ። እመቤትን መጠየቅ የፈለገ ግን በጠዋት ይሂድ፤ ሳቋ ሳያልቅ ይመሽበታል።